ማዶ ማዶውን

ፒያሳ ካለው ሱቅ፣ ከሰዒድ አወል በር፣
ከመደርደሪያው ላይ ያ ሌንስ ነበር።
ጥቁር ነው፤ ወፍራም ነው፤ ባንገቱ ቀይ ቀለበት፤
እኔ እሱን ሳየው፣ ያየኛል በመስታወት።
ዋጋው? ተወኝ እባክህ። ለሚስቴ ለዘሀራ
ግማሹን ብነግራት
ቀዳዳ ስትቆጥር አደረች፣ ዐይኗ ጣራ።

እቤት ቁምሳጥን ውስጥ ሦስት ሌንስ ተኝቷል፤
አንዱ ሠርግ አይቷል፤ አንዱ ሐዘን አይቷል፤
ሦስተኛው ምንም አላየ፣ በካልሲ ተጠቅልሎ አርጅቷል።
እሱንም ስገዛው «የጎደለኝ ይሄ!» ብዬ፣
ፍላሹንም እንዲሁ፣ ባለሦስት እግሩንም፣ ምዬ ተገዝቼ ምዬ።
ጎደሎ፣ ለካስ፣ ሆድ አለው፤
ባጎረሱት ቁጥር አፉን የሚከፍተው።

ሌሊት ዘሀራ ስትተኛ ስልኬን እከፍታለሁ፤
የሰው ሙሽራ ጀርባ እንደ ቅቤ ሲቀልጥ አያለሁ።
ከኔ ሙሽሮች ኋላ
የወንበር እግር አለ፣ የማላውቀው ሰው ክርን፣
ግድግዳ ተደግፎ ቢጫ ጄሪካን።
«ሌንስ ነው» እላለሁ። «ሌንስ ቢኖረኝማ!»
ጄሪካኑን ማንሳት ትዝ ብሎኝ አያውቅማ።

ሐሙስ እቁብ ደረሰኝ።
ብሩ በደረት ኪሴ እንደ ጫጩት ሞቀኝ።
«የመጨረሻዬ ነው» አልኩ ለራሴ በሹክታ፤
ይችኑ ቃል ለካልሲውም ብዬው ነበር ባንድ ማታ።
ጉሙ ከጦሳ ወርዶ ሸዋ በርን ውጦታል፤
ቁልፉን ይዣለሁ፤ ልቤ ፒያሳ ደርሷል።
እግሬ ደፍ ላይ ሳለ
አንድ ሽማግሌ ከጉሙ ወጥተው «ሰው አለ?

ተኩታበር መምጣቴ ነው፤ አሊጋዝ እባላለሁ፤
አንዲት ፎቶ አለችኝ፣ እንድታሰፋልኝ እሻለሁ።»
ከፌስታሉ ውስጥ ጨርቅ፣ ከጨርቁ ውስጥ ወረቀት፣
ከወረቀቱ ውስጥ፣ መዳፍ የማትሞላ፣ የአንድ ልጅ እግር ፊት።
ሰኞ ገበያ ላይ፣ ድሮ፣ በሣጥን ካሜራ፣
ባልዲ ውስጥ ታጥባ ወጥታ፣ ገመድ ላይ የደረቀች በተራ።
ሰይዴ ነው፤ ታናሻቸው፤
በማግስቱ በጭነት መኪና አሰብ ወርዶ የቀረባቸው።
ከኮቱ አንድ ቁልፍ የለም። ከትከሻው ኋላ፣ ጠርዝ ላይ፣
ግራጫ ነገር ገብቷል፤ ጆሮ ይመስላል ሲታይ።

«ጀርባውን ላጥፋው?» አልኩ፤ «ንጹሕ ሰማይ ላድርገው?
ቁልፉንም በኮምፒውተር...»
«ተው!
ተው ልጄ! ይች ጆሮ የዳልቻ ናት፤
አህያችን፤ የዚያን ዕለት ነው የገዛናት።
ሻጩን በሳቅ የረታው እሱ ነበር፣ ሰይዴ፤
ጆሮዋን ብታጠፋት ገበያ መዋላችንን ማን ሊያምነኝ ነው እንዴ?
ቁልፉንም ተወው። እናቴ «ስትመለስ
እተክልልሃለሁ» ብላው ነበር፤ አንተ በሷ ፋንታ አትጨርስ።»

አሮጌዋን ካሜራ አወጣሁ፣ ቀለበቷ በፕላስተር የታሰረ፤
እጄ ተንቀጠቀጠ፤ ደገምኩ፤ ሠመረ።
ጆሮዋ ከነፀጉሯ ወጣች።
ያ ቀይ ቀለበት ያኔ ሰኞ ገበያ ቢኖር ኖሮ
ዳልቻ ቅቤ ሆና ቀልጣ ነበር፣ ገበያውም አብሮ።
አያ አሊጋዝ ሁለቴ ቆጥረው ከፈሉኝ፤ ፎቶዋን ግን ሦስቴ ጠቀለሏት፤
ጉሙ ውስጥ ሲገቡ አየኋቸው፣ እንደ ሕፃን አቅፈዋት።

ዳንኩ አልልም። ግማሹ ብር ቆርቆሮ ሆነ፣ ጣራ ላይ ወጣ፤
ግማሹ ኪሴ ውስጥ ይንጫጫል፣ የፒያሳ ሰዓት ሲመጣ።
ሰዒድ «ሙህዬ፣ ሊሸጥ ነው!» ይለኛል ከበሩ ቆሞ፤
ማዶ ማዶውን አልፋለሁ፣ አንገቱን እንዳመመው፣ ቀና ሳልል ፈጽሞ።

ትናንት ሮቢት ሠርግ ነበር። ሙሽራዋን ከግንቡ አስጠግቼ
ጄሪካን አየሁ፣ ቢጫ። ላነሳው ጎንበስ ብዬ፣ ትቼ
ተመለስኩ። ይቁም።
አፉ በፌስታል የተወተፈ ነው፤
የማን እንደሆነ
አንድ ቀን የሚጠይቅ አይጠፋም።